የተቆፈረ መሬት እንዴት ይድናል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አፈር ነው። «አፈር ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ከእግራችን ሥር ያለ ነገር!» የሚል አይጠፋም። ቆዩ፣ ችኮላ አያስፈልግም። የምንበላው እንጀራ ጤፉ የበቀለው በአፈር ላይ ነው። የምንማርበት ሕንፃ የቆመው በአፈር ላይ ነው። ታዲያ ሰዎች ከሰል፣ ጠጠር፣ ወርቅ ወይም ሸክላ ፍለጋ መሬቱን ቆፍረው ሲጨርሱ ያ መሬት ምን ይሆናል? ዝም ብሎ ይተዋል? ወይስ ይድናል? ዛሬ የምንማረው ይህንን ነው።

በጽሑፉ መጨረሻ የቃላት መፍቻ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሙከራና ጥያቄዎች አሉ። ታናናሽ እህትና ወንድም ያላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ከታሪኮቹ አንዱ የሚያሳዝን ነው። ስለዚህ ትንንሾቹ ከወላጆቻቸው ጋር ቢያነቡት ይሻላል።

አፈር እንደ አልጋ ነው

አልጋችሁን ስታነጥፉ መጀመሪያ ፍራሹ፣ ከዚያ አንሶላው፣ ከዚያ ብርድ ልብሱ ይመጣል። ብርድ ልብሱ ከታች፣ ፍራሹ ከላይ ቢሆን ማን ይተኛበታል? አፈርም እንደዚሁ በንብርብር የተሠራ ነው። ከላይ ጠቆር ያለው ለም አፈር አለ። ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ማለትም የትምህርት ቤት ማስመሪያችሁን ያህል ነው። የበሰበሰ ቅጠል፣ የምድር ትል፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች በብዛት የሚገኙት እዚህ ነው። ከሱ በታች ጠንከር ያለ፣ ምግብ የሌለው አፈር አለ። ከዚያ በታች ደግሞ ዐለት ነው።

ማዕድን የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከታች ነው። ስለዚህ ሰዎች እሱን ለማግኘት ላዩን ይገፉታል። ድሮ ድሮ ለሙን አፈር፣ ድንጋዩንና ጭቃውን አንድ ላይ ቀላቅለው በአንድ ቦታ ይከምሩት ነበር። አልጋው ተገለባበጠ ማለት ነው! ከታች የነበረው ድንጋይ ከላይ ሆነ፤ ለሙ አፈር ተቀበረ። በእንደዚህ ያለ ክምር ላይ ተክል በቀላሉ አይበቅልም። ምክንያቱም፦

- የተክል ምግብ የለውም፤
- አሸዋማ ከሆነ ውሃ አይዝም፤ ወዲያው ያሳልፈዋል፤
- ከባድ መኪና ስለሚመላለስበት እንደ አስፋልት ይጠነክራል፤ ሥር ሊገባበት አይችልም፤
- በተለይ የድንጋይ ከሰል ክምር አንዳንዴ ዝናብና አየር ሲያገኘው አሲድ ይፈጥራል፤ ሥርን ያቃጥላል።

ለም አፈር በተፈጥሮ እንደገና እስኪፈጠር ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ልጆች፣ አስቡት፤ እኛ በአንድ ቀን በማሽን የምንገፋውን አፈር!

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል

አያቶቻችሁ «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ ሳይታወቅ አደጋ ለሚያመጣ ነገር የሚነገር አባባል ነው። የአፈር መሸርሸርም ልክ እንደዚያ ነው።

አንዲት የዝናብ ጠብታ ባዶ አፈር ላይ ስታርፍ ትንሽ ትፈነጥቀዋለች። ይህ ምንም አይመስልም። ነገር ግን ጠብታዎቹ ተሰብስበው ቁልቁል መፍሰስ ሲጀምሩ ቀጭን ቦይ ይሠራሉ። ቦዩ ውሃ ይሰበስባል፤ ውሃው ፍጥነት ያገኛል፤ ፍጥነቱ ደግሞ ተጨማሪ አፈር ይወስዳል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ቀጭኑ ቦይ ሰው የሚደብቅ ቦረቦር ይሆናል። አማራ ክልል፣ ጎጃምና ጎንደር ገጠር ያደጋችሁ ወላጆች ቦረቦር እርሻን እንዴት ለሁለት እንደሚከፍል በዓይናችሁ አይታችሁታል።

ሁለተኛም መንገድ አለ፤ ይህኛው ይበልጥ አደገኛ ነው። ውሃው ላይ ላዩን ከመሄድ ይልቅ ወደ ክምሩ ውስጥ ይገባል። ክምሩ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ውስጡ እንደ ገንፎ ይላላል። ከዚያ በአንድ ጊዜ ይንሸራተታል። ይህን ናዳ እንለዋለን።

አበርቫን፦ የማይረሳው ዓርብ

እዚሁ ብሪታንያ ውስጥ፣ በደቡብ ዌልስ፣ አበርቫን የምትባል የከሰል ሠራተኞች መንደር አለች። ከመንደሯ በላይ ባለው ተራራ ላይ ከመርተር ቬል የከሰል ማውጫ የሚወጣው ተረፈ ምርት ይከመር ነበር። 7ኛው ክምር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ የተከመረው የምንጭ ውሃ ከመሬት በሚወጣበት ቦታ ላይ ነበር። ክምሩ 34 ሜትር ያህል ከፍታ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1963 የአካባቢው አስተዳደር መሐንዲስ ከትምህርት ቤቱ በስተ ኋላ ያለው ክምር አደጋ እንዳለው በደብዳቤ አስጠንቅቆ ነበር። የሚሰማ ግን አልተገኘም።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1966፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ዓርብ ነበር። ከዚያ በፊት ለብዙ ቀናት ዝናብ ዘንቧል። ተማሪዎቹ የአጋማሽ ዕረፍት ከመውጣታቸው በፊት የመጨረሻው የትምህርት ቀን ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ አካባቢ፣ ልጆቹ ክፍል እንደገቡ፣ ክምሩ ተንሸራተተ። 110 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ጥቁር ጭቃ ከተራራው ተነሣ፤ ከፊሉ መንደሩ ድረስ ወርዶ የፓንትግላስን ትምህርት ቤትና በአጠገቡ ያሉ ቤቶችን ቀበረ። 144 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ መካከል 116ቱ ልጆች ነበሩ።

በጉዳዩ ላይ የተቋቋመው አጣሪ ችሎት እ.ኤ.አ. በ1967 ውጤቱን አሳወቀ። ጥፋቱ የብሔራዊ የከሰል ቦርድ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ማዕድን ክምሮች ደኅንነት አዲስ ሕግ ወጣ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአደጋው በኋላ መንደሯ «የቀሩትንም ክምሮች አንሡልን» ብላ ለመነች። ክምሮቹ ሲነሡ ለሥራው ወጪ ከሕዝብ ከተዋጣው የእርዳታ ገንዘብ ላይ 150 ሺህ ፓውንድ ተወሰደ! ለሐዘንተኞች የተዋጣ ገንዘብ ማለት ነው። ገንዘቡ የተመለሰው ከብዙ ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ያውም ያለ ወለድ። እ.ኤ.አ. በ2007 የዌልስ መንግሥት ተጨማሪ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ለመታሰቢያና ለትምህርት በጎ አድራጎቶች ሰጠ።

ዛሬ ትምህርት ቤቱ የነበረበት ቦታ የመታሰቢያ የአትክልት ሥፍራ ነው። ተራራውም ሣር ለብሷል።

«ይህ የድሮ ታሪክ ነው» እንዳትሉ። በዌልስ ዛሬም ሥራ ያቆሙ ከ2500 በላይ የከሰል ክምሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ከዴኒስ ማዕበል በኋላ ታይለርስታውን በሚባል ቦታ አንዱ ተንሸራቶ 60 ሺህ ቶን ያህል ወደ ሸለቆው ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። እ.ኤ.አ. በ2025 የዌልስ ምክር ቤት እነዚህን ክምሮች የሚቆጣጠር አዲስ ሕግ አጽድቋል።

ማዳን በቅደም ተከተል

እንግዲህ የተቆፈረ መሬት እንዴት ይድናል? ብዙ ሰው «ዛፍ መትከል ነዋ!» ይላል። ዛፍ መትከል ጥሩ ነው፤ ግን የመጀመሪያው ሥራ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ይኸውና፦

1ኛ. ውሃውን ማስተካከል። ምንጩ የት ነው? ዝናቡ በየት ይወርዳል? መጀመሪያ ይህ ይጠናል። ከዚያ ውሃው ክምሩ ውስጥ እንዳይገባ ቦይና ቧንቧ ይሠራለታል። አበርቫን ላይ የጎደለው ይህ ነው።

2ኛ. ቁልቁለቱን ማለዘብ። ቀጥ ያለ ክምር ይናዳል። ስለዚህ ይቀነሳል፤ ወይም እንደ ደረጃ ይሠራል። በአማርኛ እርከን የምንለው ማለት ነው። ውሃው በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ትንሽ «አረፍ» ስለሚል ፍጥነት አያገኝም።

3ኛ. አፈሩን መመለስ። በዛሬ ጊዜ ጥሩ የማዕድን ድርጅት ከመቆፈሩ በፊት ለሙን አፈር ገፎ ለብቻው ያስቀምጣል። በጣም ከፍ አድርጎ አይከምረውም፤ ምክንያቱም ከታች ያለው አየር አጥቶ ሕይወቱ ይሞታል። ቁፋሮው ሲያልቅ የጠነከረው መሬት በጥልቅ ይታረሳል፤ ከዚያ አፈሩ በቦታው ይመለሳል። አልጋው በደንብ ተነጠፈ ማለት ነው።

4ኛ. ሣር መዝራት። ሣር በሳምንታት ውስጥ ይበቅላል፤ ዛፍ ግን ዓመታት ይፈልጋል። የሣር ቅጠል የዝናብን ጠብታ ይቀበላል፤ ሥሩ ደግሞ አፈሩን እንደ መረብ ይይዛል። ከሣሩ ጋር ክሎቨር የሚባል ተክል ይዘራል። ክሎቨር የባቄላና የሽንብራ ዘመድ ነው። እነዚህ ተክሎች በሥራቸው ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስደው አፈሩን ይመግባሉ። የጎጃም ገበሬ አንድ ዓመት ጤፍ፣ አንድ ዓመት ባቄላ እያፈራረቀ የሚዘራው ለምን ይመስላችኋል? ለዚሁ እኮ ነው!

5ኛ. ቁጥቋጦና ዛፍ መትከል። በእንግሊዝ የከሰል ክምር ላይ አልደርና በርች የሚባሉት ዛፎች ይስማሟቸዋል። አልደርም እንደ ክሎቨር አፈር ይመግባል። በኋላ ቅጠላቸው ረግፎ ሲበሰብስ አዲስ ለም አፈር መፈጠር ይጀምራል።

6ኛ. መጠበቅ። ይህ የሚረሳው ክፍል ነው። ቦዩ በቅጠል ቢደፈን፣ ከብት ቢገባበት፣ ችግኙ ውሃ ቢያጣ፣ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

አየችሁ? ዛፉ 5ኛ ላይ ነው የመጣው። አራቱን ዘሎ ዛፍ የሚተክል ሰው ፍራሽ በሌለው አልጋ ላይ ብርድ ልብስ እንደሚዘረጋ ሰው ነው።

አፈር የተሠራበት ጉድጓድ

ለሙ አፈር ከብዙ ዓመታት በፊት ጠፍቶ ከሆነስ? የሚመለስ ነገር ከሌለስ? መልሱ ኮርንዋል ውስጥ አለ።

ሴንት ኦስቴል በምትባል ከተማ አጠገብ ከ160 ዓመታት በላይ ነጭ ሸክላ ሲወጣበት የኖረ ጉድጓድ ነበር። ነጭ ሸክላ የሸክላ ዕቃ ይሠራበታል፤ ቤታችሁ ያለው የቡና ሲኒ የሚሠራው ከዚህ ዓይነት ሸክላ ነው። ወረቀትም እንዲያብረቀርቅ ያደርጋል። ግን 1 ቶን ሸክላ ለማግኘት እስከ 9 ቶን ተረፈ ምርት ይወጣል። ስለዚህ በአካባቢው ነጫጭ የአሸዋ ተራሮች ተፈጠሩ፤ ሰዎች በቀልድ «የኮርንዋል አልፕስ» ይሏቸዋል።

ያ 60 ሜትር ጥልቀት ያለው ባዶ ጉድጓድ እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 2001 ኤደን ፕሮጀክት ተብሎ ለሕዝብ ተከፈተ። አንዳንዶቻችሁ ሄዳችሁበት ይሆናል፤ ትልልቅ የሳሙና አረፋ የሚመስሉት ቤቶች ያሉበት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ አፈር የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ አፈር ሠሩ! ከዚያው ከማዕድኑ የተረፈውን አሸዋና ሸክላ ከበሰበሰ ቅጠልና ከዛፍ ቅርፊት ጋር አደባልቀው 85 ሺህ ቶን ያህል አፈር አዘጋጁ። ዛሬ በዚያ አፈር ላይ ከበቀሉት ተክሎች አንዱ የእኛው ቡና ነው።

ነገር ግን እዚያም ቢሆን ውሃ አይተኛም። ጉድጓዱ ከአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ በታች ስለሆነ ሁልጊዜ ውሃው እየተሰበሰበ በፓምፕ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬቱ በአንዳንድ ቦታ ተንሸራትቶ ኤደን ለጊዜው ተዘግቶ ነበር። «6ኛ. መጠበቅ» ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ለንደንስ?

ለንደን ከተማ የተሠራችው በምን ይመስላችኋል? ከቴምዝ ወንዝ ዳር በተቆፈረ ጠጠርና አሸዋም ጭምር ነው። ኮንክሪት ያለ ጠጠር አይሆንም። በምሥራቅ ለንደን ብዙ የጠጠር ጉድጓዶች ነበሩ። ጠጠሩ ሲያልቅ አንዳንዶቹ ውሃ ሞልቷቸው ሐይቅ ሆኑ፤ ሌሎቹ ደግሞ በቆሻሻ ተሞሉ።

በሬይንሃም አጠገብ ያለው ኢንግሬበርን ሂል ከእነዚህ አንዱ ነው። መጀመሪያ የጠጠር ጉድጓድ፣ ቀጥሎ የቆሻሻ መጣያ ነበር። ዛሬ ግን ዛፍ የተተከለበት፣ ሰው በእግርና በብስክሌት የሚናፈስበት ኮረብታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረው ቴምዝ ቼዝ የተባለው የማኅበረሰብ ደን አካል ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ቆሻሻው በወፍራም ሸክላ ይከደናል፤ የሚፈጠረው ጋዝ በቧንቧ ይወጣል፤ ከዚያ አፈር፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ዛፍ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ከአበርቫንና ከኤደን ጋር አንድ ነው።

ከወላጆቻችሁ ጋር አንድ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ኮረብታው ላይ ቆማችሁ «እግሬ ሥር ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

በአገራችንስ?

አገራችን ወርቅ አለ፤ ከሰል አለ፤ የሲሚንቶ ድንጋይ አለ። ከሁሉ በላይ ግን በየከተማው ዳር የምናየው ካባ ነው። ካባ ማለት የቤትና የመንገድ ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ነው። (ሙሽራ የሚለብሰውም ካባ ይባላል፤ እንዳይምታታባችሁ!) የተተወ ካባ ክረምት ሲመጣ ውሃ ያቁራል፤ ለሕፃናትም ለከብትም አደገኛ ነው።

ስለ ክምር ስንነጋገር ቆሼን ማንሣት ግድ ይላል። ቆሼ አዲስ አበባ፣ ረጲ አካባቢ ያለ የቆሻሻ ክምር ነው። ማዕድን አይደለም፤ ነገር ግን የክምር ሕግ አንድ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። አበርቫንና ቆሼን ሃምሳ ዓመት ይለያቸዋል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ መሬት የማዳን እውቀት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ተራራውን በድንጋይ እርከን ይዞ ከ400 ዓመታት በላይ አርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። የእንግሊዝ መሐንዲስ የማዕድን ክምርን በደረጃ ሲቆርጥ የሚሠራው ኮንሶዎች ያወቁትን ነው።

በወላይታ፣ ሁምቦ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከ2700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ተከለለ። ሰዎቹ በአብዛኛው አዲስ ችግኝ አልተከሉም። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶ ከመሬት በታች ሕያው ሥር ነበረው። ከብት እንዳይገባ ከለከሉ፤ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን እየመረጡ ገረዙት። ዛፉም ራሱ ተነሣ! በመጀመሪያ ያልነበረ ሥር ግን ሊያቆጠቁጥ አይችልም። ለዚህ ነው ሥሩ ሁሉ የተገፈፈበት የማዕድን መሬት ከተራቆተ ተራራ ይልቅ ለማዳን የሚከብደው።

በጎጃምና በወሎ ገበሬዎች በበጋ ወራት ወጥተው እርከን ይሠራሉ፤ በቦረቦሩ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት ክትር ይገድባሉ። በእርከኑ ጫፍ ላይ ሣር ይተክላሉ። ከእነዚህ አንዱ ቬቲቨር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጅማ በኩል ወደ አገራችን የገባ ሣር ነው። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲመቸው 3 ሜትር ይደርሳል። በሌላ አገር በማዕድን ክምሮች ላይም ይተከላል። ለንደን ላይ ግን አይሆንም፤ ብርዱን አይወድም። ለእያንዳንዱ መሬት የራሱ ተክል አለው።

ዕዳው የማን ነው?

ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ አንድ የሒሳብ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ድርጅት መሬት ቆፍሮ ከሰል ሲሸጥ ገንዘብ ያገኛል። ግን በዚያው ቀን ዕዳም ገብቷል፦ መሬቱን መልሶ የማዳን ዕዳ። ዕዳው የሚከፈለው ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ቢሆንም፣ በደንብ የተያዘ የሒሳብ መዝገብ ዛሬውኑ ይጽፈዋል። ገንዘቡም ከትርፉ ላይ እየተቀነሰ ይቀመጣል። ካልሆነ ማዕድኑ ሲያልቅ ድርጅቱም ይሄዳል፤ ዕዳው ግን እዚያው መንደር ይቀራል። በአበርቫን የሆነውን አስታውሱ፤ ክምሩን የከመሩት ሌሎች፣ ከከፈሉት መካከል ግን ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች ነበሩበት።

ስለዚህ ዛሬ በብዙ አገር ማዕድን የሚያወጣ ሰው ከመቆፈሩ በፊት የማዳኛ ዕቅድና ገንዘብ እንዲያሳይ ይጠየቃል። የኢትዮጵያም የማዕድን አዋጅ (በ2002 ዓ.ም. የወጣው) ባለፈቃዱ መሬቱን መልሶ ለማዳን ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። ሕጉ ወረቀት ላይ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ሥራ ላይ መዋሉን የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ያስፈልጋል። ከእናንተ መካከል ወደፊት መሐንዲስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የሕግ ባለሙያ የሚሆን አለ። ያኔ «የማዳኛው ገንዘብ የታለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ፤ ነገሩ ሳይብስ መከላከል ይሻላል ማለት ነው።

እስቲ እንሞክረው (ከወላጅ ጋር)

የሚያስፈልጉ፦ 3 ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አፈር፣ ደረቅ ቅጠል፣ ጥቂት ስንዴ ወይም ገብስ፣ 3 ብርጭቆ። ጠርሙሱን ወላጅ ይቁረጠው።

1. ጠርሙሶቹን አጋድማችሁ ጎናቸውን ቁረጡና እኩል አፈር ሙሉባቸው። አፋቸው ክፍት ይሁን።
2. አንደኛው ባዶ አፈር ይሁን። በሁለተኛው ላይ ደረቅ ቅጠል በትኑ። በሦስተኛው ላይ ስንዴ ዝሩና ለሁለት ሳምንት ውሃ እያጠጣችሁ አብቅሉ።
3. የሦስቱንም ጀርባ በመጽሐፍ ከፍ አድርጉ፤ በአፋቸው ሥር ብርጭቆ አስቀምጡ።
4. በእያንዳንዱ ላይ እኩል ውሃ (አንድ ብርጭቆ ያህል) ቀስ ብላችሁ አፍስሱ።
5. የወረደውን ውሃ አወዳድሩ። የትኛው ደፍርሷል? የትኛው ጠርቷል? በአማርኛ 4 ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ።

የቃላት መፍቻ

መሸርሸር፦ አፈር በውሃ ወይም በነፋስ ቀስ በቀስ ተጠርጎ መሄድ
ቦረቦር፦ ጎርፍ የቆፈረው ጥልቅ ገደል
ናዳ፦ ከተራራ ወይም ከክምር በድንገት የሚወርድ አፈርና ድንጋይ
እርከን፦ በቁልቁለት ላይ እንደ ደረጃ የተሠራ መሬት
ክትር፦ በቦረቦር ውስጥ የውሃን ፍጥነት ለመቀነስ የሚሠራ ትንሽ ግድብ
ካባ፦ ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ
ጉቶ፦ ዛፍ ሲቆረጥ መሬት ላይ የሚቀረው ክፍል
ማቆጥቆጥ፦ ከጉቶ ወይም ከሥር አዲስ ቅጠል ማውጣት
ተረፈ ምርት፦ የሚፈለገው ከወጣ በኋላ የሚቀረው

ጥያቄዎች

1. በተቆፈረ መሬት ላይ ከዛፍ በፊት ሣር የሚዘራው ለምንድን ነው?
2. በአበርቫን 7ኛው ክምር የተከመረበት ቦታ ምን ችግር ነበረው?
3. ኤደን ፕሮጀክት ላይ አፈር የተሠራው ከምን ከምን ነው?
4. በሁምቦ የተሠራው ሥራ ሥር በሌለበት የማዕድን መሬት ላይ ለምን አይሠራም?
5. (ለትልልቆቹ) አንድ ድርጅት ሰፈራችሁ አጠገብ ጠጠር ሊቆፍር መጣ እንበል። ከመጀመሩ በፊት የምትጠይቁትን 3 ጥያቄ ጻፉ።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ የአበርቫንን ታሪክ ለትንንሾቹ ስታነቡ ቀለል አድርጋችሁ ንገሯቸው። ልጁ «የእኛስ ትምህርት ቤት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከዚያ ወዲህ ሕግ መውጣቱንና ክምሮቹ እየተመረመሩ መሆኑን ንገሩት። ገጠር ያደጋችሁ ደግሞ በሰፈራችሁ ጎርፍ ሲመጣ ሰው ምን ያደርግ እንደነበር፣ እርከኑ በምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ዛፍ ይተከል እንደነበር ለልጆቻችሁ በአማርኛ አውሩላቸው። ይህን ከእኛ ክፍል ይልቅ ከእናንተ ነው የሚማሩት።

መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ እንነጋገርበታለን። ደብተራችሁን እንዳትረሱ! መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።